የሰማንያ ዘጠነኛው ቀን ሙቀት

ልክየለሽ ይኸነው ሁልጊዜ ጧት ሥራዋን የምትጀምረው እጇን በመታጠብ ነው። ሁለት ጊዜ ትታጠባለች፤ መጀመሪያ ውጭ ባለው ቧንቧ በሳሙና፣ ቀጥሎ በሩ አጠገብ በተቀመጠው አልኮል። ጫማዋን ትቀይራለች፤ ሹራቧን አውልቃ ኮሪደሩ ላይ ትሰቅላለች፤ ጸጉሯን በነጭ ሻሽ ትጠቀልላለች። ከዚያ ገብታ በሩን ትዘጋና ከጸጉር የቀጠነውን የመስታወት ክር፣ ፋይበር የሚሉትን፣ ጫፉን በአልኮል በራሰ ለስላሳ ወረቀት ትጠርገዋለች። አንድ ጊዜ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚጠረገው፤ ወዲያና ወዲህ ማሸት ክልክል ነው። ጫፉን በማይክሮስኮፕ ታየዋለች። ንጹሕ ከሆነ እንደ ሙሉ ጨረቃ ክብና ጥርት ያለ ነው። ካልሆነ ጥቁር ነጥብ ይታይበታል። ነጥቡ ምን እንደሆነ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ከሰል ነው።

እንጅባራ ላይ ከሰል የማይደርስበት ቦታ የለም። እሷ የምትሠራበት የትምህርት ተቋም አጥር ውጭ ሰፊ ሜዳ አለ፤ አይሱዙ መኪኖች በየቀኑ እዚያ ቆመው ከሰል ይጭናሉ። ከሰል የሞላው ማዳበሪያ ወደ ላይ ሲወረወር የሚነሣው ብናኝ አጥሩን አልፎ በክፍሎቹ መስኮት ይገባል። ሌላው ሠራተኛ ጠረጴዛውን በክንዱ ጠርጎ ሥራውን ይቀጥላል። በልክየለሽ ክፍል ግን ለዓይን የማይታይ አንድ ቅንጣት ፋይበሩ ጫፍ ላይ ካረፈ የሌዘሩ ብርሃን ቅንጣቱን ያቃጥለዋል፤ ቅንጣቱ ሲቃጠል መስታወቱ ይበላሻል። ስለዚህ ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት መስኮቱን በወፍራም ላስቲክ ሸፍና ጠርዙን ዙሪያውን በፕላስተር አሸገችው። የበሩን ክፈፍ ደግሞ የኤሌክትሪክ ቴክኒሻኑ ጋሽ ሉቃስ ከአሮጌ የባጃጅ ጎማ ስስ ቁራጭ እየቀደደ ለበጠው። በሩ ሲዘጋ እንደ ብልቃጥ ክዳን ድምፅ ያሰማል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንዲት ቺፕ ነው። የአውራ ጣት ጥፍር ግማሽ አትሞላም። በውስጧ ብርሃን የሚሄድበት መንገድ ተቀርጿል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የወርቅ መስመሮች ተዘርግተዋል። በወርቁ ኤሌክትሪክ ሲላክ በመንገዱ የሚያልፈው ብርሃን ይበራል፣ ይጠፋል፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ። ባሕር ማዶ ያሉ ተመራማሪዎች እንዲህ የተከታተፈ ብርሃን የሚፈልጉት አቶሞችን ለማዘዝ ነው። ኳንተም ኮምፒዩተር የሚሉት ማሽን ውስጥ አየር በሌለበት ሣጥን ነጠላ አቶሞች ተይዘው ይቀመጣሉ፤ ማሽኑ የሚያሰላው በእነሱ ነው፤ ትእዛዝ የሚቀበሉት ደግሞ በብርሃን ምት ነው። ምቱ በጥቂቱ ከዘገየ ወይም መጥፋት ሲገባው ጭላንጭል ካስቀረ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል።

ቺፖች ደግሞ ቀስ በቀስ ልካቸውን ይስታሉ። ዛሬ «ጥፋ» ሲባል ድርግም የሚያደርገው ከወር በኋላ ያው ትእዛዝ ተሰጥቶት ትንሽ ብርሃን ያሾልካል። ምን ያህል ይስታል? ባማረ ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻ ሳይሆን መብራት በሚቆራረጥበት ተራ ሕንፃ ውስጥ ቢቀመጥስ? ቺፑን የሠሩት ሰዎች ይህን ማወቅ ፈለጉ። ከእነሱ ጋር ያጠናው ዶክተር ሽመክት ወደ አገሩ ሲመለስ ቺፑን፣ ሌዘሩንና መለኪያውን በእጅ ሻንጣው ይዞ መጣ። ውሉ አጭር ነበር። ቺፑ ዘጠና ቀን ሙሉ በሃያ ሦስት ዲግሪ ሙቀት ላይ ይቆያል። በየቀኑ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ይለካል። ዘጠናው ቀን ሳይቋረጥ ካለቀ ሁለተኛ ቺፕና የተሻለ መሣሪያ ይላካል። ሙቀቱ አንድ ቀን ከወረደ ግን የተሰበሰበው ሁሉ ዋጋ የለውም።

የልክየለሽ ሥራም በዚያው ክር ላይ ተንጠልጥሏል። የተቀጠረችው ለዚሁ ፕሮጀክት በጊዜያዊነት ነው። ልኬቱ በተጀመረ በሃምሳኛው ቀን ገደማ ከንብረት ክፍል አንድ ሰው ሜትር ይዞ መጣና ይቅርታ ጠይቆ የግድግዳውን ርዝመት ለካ። ፕሮጀክቱ ካልቀጠለ ክፍሉ የወንበርና የአሮጌ ፋይል መጋዘን ይሆናል፤ መደርደሪያው ታዟል። እሷ ደግሞ ዳንግላ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የጽሕፈት ሥራ ይጠብቃታል። ፊዚክስ አራት ዓመት የተማረችው ለዚያ አልነበረም።

ያስተማራትም ከሰል ነው። አባቷ አቶ ይኸነው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለው መሬታቸው ገሚሱ ገብስና ድንች ማብቀል ሲያቅተው ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተከሉበት። ዛፉ በአራት በአምስት ዓመት ይደርሳል። ተቆርጦ ይከመራል፤ ሣርና አፈር ለብሶ ለቀናት ውስጥ ውስጡን ይነዳል። ክምሩን ከፍቶ ማየት አይቻልም፤ አየር ከገባው አመድ ይሆናል። ስለዚህ ሰው የሚያነበው ጢሱን ነው። ልክየለሽ በልጅነቷ ከአባቷ ጋር ክምሩ ዳር ተቀምጣ ይህን ንባብ ከፊደል በፊት ተምራለች። ነጭ ወፍራም ጢስ ሲሆን እንጨቱ ገና ውኃውን እያወጣ ነው። ቢጫ ሲሆን ዓይን ይለበልባል፤ ራቅ ማለት ነው። ሰማያዊ ሆኖ ሲሳሳ ደርሷል። ከዚያ በኋላ የሚወጣ ነገር የለም፤ ከሰሉ ንጹሕ ነው። አባቷ በአገውኛ ደጋግመው የሚነግሯት አንድ ነገር ነበር፤ ሰው የሚጎዳው ያልበሰለ ከሰል ነው፣ ጢስ የጨረሰ ከሰል እንደ ውኃ ነው ይሏታል። አርባ ዓመት የሠሩበት ሥራ ነው። ቤታቸው ግድግዳው ቀርቀሃና ጭቃ፣ ጣሪያው ሣር ነው። ክረምቱን ሁሉ ፍም መሐል ላይ ተቀምጦበት ይተኛሉ፤ አንድም ቀን ራሱን ያዞረው ሰው አልነበረም።

ጋሽ ሉቃስ የከተማ ልጅ ነው። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሚልካ የምትባል ልብስ ሰፊ ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች አሉት። እሑድ እሑድ በጸሎት ቤታቸው ኪቦርድ ይጫወታል፤ የድምፅ ማጉያውንም የሚጠግነው እሱ ነው። ቺፑን «ሙሽራዋ» ይላታል፤ ከቤት የማትወጣ፣ ብርድ የማትችል፣ ሰው ሁሉ የሚያጎነብስላት ስለሆነች። ልክየለሽን ስትጾም እንቁላሉን ፊት ለፊቷ ቀስ ብሎ እየላጠ ይተርባታል። እሷም የእጁን ጥፍር እየመረመረች፣

«ጋሽ ሉቃስ፣ ጸሎት ቤታችሁ ሳሙና ይከለክላል እንዴ?» ትለዋለች።

እንዲህ ሲባባሉ ሰማንያ ሰባት ቀን አለፈ። በየጧቱ የተለካው ቁጥር በወረቀት ላይ ነጥብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ነጥቦቹ ሲያያዙ ረጋ ያለ ውኃ የመሰለ መስመር ሆኑ። ቺፑ ልኳን አልሳተችም ለማለት ይቻል ነበር።

ሐምሌ አሥራ ሁለት፣ በሰማንያ ስምንተኛው ቀን አመሻሽ ላይ፣ ዝናብ የቀላቀለ ነፋስ ተነሥቶ መብራት ጠፋ። መስመሩ የት እንደተበጠሰ የሚያውቅ አልተገኘም፤ ቢታወቅም በዚያ ሰሞን በጸጥታው ችግር የተነሣ በመንገዱ ላይ ሰው ልኮ ማስጠገን ቀላል አልነበረም። ኔትወርክም ከተዘጋ ወራት ስለሆነው አዲስ አበባ የሄደውን ዶክተር ሽመክትን መጠየቅ አይቻልም። ጄኔሬተሩ ናፍታ የለውም። ቺፑን የሚያሞቀው መሣሪያ ሉቃስ ባገጣጠማቸው አራት የመኪና ባትሪዎች ላይ አደረ።

በማግስቱ ጧት ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ዲግሪ ነበር። የእንጅባራ ሐምሌ ነው፤ አየሩ ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ልክየለሽ ሦስት ሰዓት ላይ ሌዘሩን በባትሪው አስነሥታ የሰማንያ ዘጠነኛውን ቀን ልኬት ወሰደች። መስመሩ አልተዛነፈም። ሉቃስ ግን የባትሪዎቹን ኃይል ለክቶ ወረቀት ላይ አሰላና ብዕሩን አስቀመጠ። ክፍሉ ይህን ያህል ከቀዘቀዘ መሣሪያው ቺፑን ሃያ ሦስት ላይ ለማቆየት ባትሪውን ይጨርሰዋል፤ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አያልፍም። ክፍሉ ሃያ ዲግሪ ቢሆን ግን እስከ ነገ እኩለ ቀን ይቆያል። የሚያስፈልገው እስከ ነገ ጧት ሦስት ሰዓት ብቻ ነው።

ሉቃስ የለበሰውን ጋቢ አውልቆ የቺፑን ሣጥን ጠቀለለበት። የመሣሪያው ቁጥር ብዙም አልተንቀሳቀሰም።

ከሰል የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው ልክየለሽ ናት። በተከራየችው ቤት አባቷ ለክረምቱ የላኩላት አንድ ማዳበሪያ ከሰል ነበራት። ሉቃስ ወዲያው አልተስማማም፤ ብናኙ ፋይበሩን ያበላሽ ይሆናል አለ። እሷም ካልተራገበ እንደማይበንን፣ ምድጃው በተበሳ ቆርቆሮ እንደሚከደን ነገረችው። ጢሱስ? ውጭ ተያይዞ ጢሱን ሙሉ በሙሉ ሳይጨርስ አይገባም። እሳቱ ለቺፑ በጣም ቢቀርብስ? በሩ ጥግ ይቀመጣል፤ ሙቀቱም በድንገት ሳይሆን በትንሽ በትንሹ ይጨምራል። አንድ በአንድ ተነጋገሩበት። ያነሡት ጥያቄ ሁሉ ስለ ቺፑ ነበር።

ምድጃውን ውጭ ያያያዘው የግቢው ጥበቃ አያ ክንዴ ነው፤ ከጥርባ በኩል የመጣ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው። ልክየለሽ አጠገቡ ቆማ ጢሱን አነበበች። ነጩ አለፈ፤ ሰማያዊው ሳሳ፤ ከዚያ ከፍሙ በላይ የሚርገበገበው አየር ብቻ ቀረ። አያ ክንዴ ምድጃውን አንሥቶ እስከ በሩ ይዞት መጣና የታሸገውን መስኮት አየት አደረገ።

«ይኼ መስኮት አይከፈትም?»

«ጢስ የለውም እኮ አያ ክንዴ» አለችው። «የአባቴ ከሰል ነው።»

እሱም ሌሊቱን ሁሉ በጥበቃ ቤቱ ፍም ታቅፎ የሚያድር ሰው ነው። ጥበቃ ቤቱ ግን የቀርቀሃ ነው፤ ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ምድጃውን አስገብቶ ወጣ።

ባትሪው ነገ ጧት ሌዘሩን ለማስነሣት ስለማይተርፍ ለጄኔሬተሩ ናፍታ ፍለጋ አንዳቸው ከተማ መውረድ ነበረባቸው። ኮምፒዩተሩ ባትሪ እንዳይበላ ተዘግቷል፤ ስለዚህ የክፍሉንና የቺፑን ሙቀት በየግማሽ ሰዓቱ በደብተር የሚጽፍ ሰው ክፍሉ ውስጥ መቆየት አለበት፤ በሩም በከንቱ እንዳይከፈት። ሉቃስ ጋቢውን ለሙሽራይቱ ስለሰጠ ብርድ ላይ እንደማይወጣ፣ የከሰል መኪና ሾፌሮችን የምታውቀው እሷ ብትሄድ እንደሚሻል ተናገረ። ጀሪካኑን አነሣች። በሩን ልትዘጋ ስትል ከኋላዋ፣

«ናፍታ ካጣሽ ጸሎት ይዘሽልኝ ነይ» አላት። «የእናንተም ቢሆን እቀበላለሁ።»

ሰዓቱ አራት ተኩል ነበር።

ናፍታ ፍለጋው ረዘመ። ማደያው ከተዘጋ ሰንብቷል። የምታውቃቸው ሁለት ሱቆች በር ላይ የተሰቀሉት ጀሪካኖች ባዶ ነበሩ። ዝናቡ ሲያባራ በባጃጅ የጭነት መኪኖቹ ወደሚቆሙበት ሄደች፤ አንድ የአባቷ ደንበኛ የሆነ ሾፌር ከራሱ መኪና ታንከር በጎማ ቱቦ አምስት ሊትር ቀዳላት። ተደሰተች። ስትመለስ ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። እጇን እንደ ልማዷ ሁለት ጊዜ ታጠበች፤ ናፍታ ስለሸተተ ሦስተኛ ጨመረች። ጫማ ቀየረች።

በሩን ስትከፍተው ያንኑ የብልቃጥ ክዳን ድምፅ አሰማ። ክፍሉ ሞቋል። ሉቃስ ደብተሩ ላይ ክንዱን አጥፎ ራሱን አስደግፏል፤ ፊቱ ወደ እሷ ዞሯል፣ ጉንጩ ቀላ ብሏል። ሙቀቱ ጣለው ብላ አሰበች። ቀጥታ ወደ መሣሪያው ሄዳ ቁጥሩን አነበበች። ሃያ ሦስት ነጥብ ዜሮ። ባትሪዎቹን አየች፤ ገና ብዙ ይቀራቸዋል። ከዚያ በኋላ ነው «ጋሽ ሉቃስ» ብላ የጠራችው።

ሦስት ጊዜ ጠራችው። ትከሻውን ስትነካው ክንዱ ከጠረጴዛው ወርዶ ተንጠለጠለ። የራሷም ጉልበት እየከዳት ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባት ኮሪደሩ ላይ ወድቃ አየር ስትስብ ነው። አያ ክንዴ ሮጦ መጣ። ሁለቱ እየጎተቱ አወጡት፤ ባጃጅ ላይ ጭነው ሆስፒታል አደረሱት። የተቀበላቸው ሐኪም ብዙ አልቆየም። ከሞተ አንድ ሰዓት ሳይሆነው አይቀርም አለ። ከሰል ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ነበር አለችው። ጢስ የለውም እኮ ልትለው ፈልጋ ነበር። ሐኪሙ ሳትጠይቀው ነገራት፤ የሚገድለው አይታይም፣ አይሸትም፣ ጢስም አይደለም፤ ፍም በታፈነ ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ ይወጣል።

ደብተሩን ማታውን ተመለከተችው። ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ያለው የሉቃስ ጽሑፍ ነበር። አምስት ሰዓት፤ ክፍሉ አሥራ ሰባት፣ ቺፑ ሃያ ሦስት። አምስት ተኩል፤ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ሦስት፤ በኅዳጉ ላይ «ራስ ምታት»። ስድስት ሰዓት፤ ሃያ፣ ሃያ ሦስት፤ አኃዞቹ ከመስመሩ ወደ ታች ወርደዋል። ስድስት ተኩል ላይ ሰዓቱ ብቻ ተጽፏል፤ ከጎኑ ብዕሩ ወደ ገጹ ጠርዝ የሄደበት ቀጭን ጭረት አለ።

ባትሪዎቹ ክፍሉ ሞቆ ውሎ ሙቀቱን ይዞ በማደሩ አላለቁም። ሐምሌ አሥራ አራት ጧት ልክየለሽ መስኮቱን የሸፈነውን ላስቲክ በቢላዋ ቀደደችው። አምስቱን ሊትር ናፍታ ጄኔሬተሩ ውስጥ ጨመረች፤ ፋይበሩን ጠረገች፤ ሦስት ሰዓት ላይ የዘጠናኛውን ቀን የመጨረሻ ነጥብ አስቀመጠች። ሰባት ሰዓት ላይ ቀብር ሄደች።

ሚልካ የጠየቀቻት ከቀብር በኋላ በሦስተኛው ቀን ነው። ድንኳኑ ገና አልተነሣም። ልጆቹን ጎረቤት ወስዷቸዋል፤ የስፌት መኪናው በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ቆሟል። ሚልካ ድምፅዋ ደክሞ ነበር እንጂ አልጮኸችም።

«ሲጠብቅ የነበረው ነገር ምን ያህላል?»

ልክየለሽ በጥፍሯ አሳየቻት።

«ከሰሉን ማን አስገባው?»

«እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

«መስኮቱንስ?»

«መስኮቱንም እኔ ነኝ ያሸግሁት።»

በሩን በጎማ የለበጠው ሉቃስ ራሱ መሆኑን አልነገረቻትም። ሚልካ ተነሥታ ከመሳቢያ የሉቃስን የቁልፍ ዘለላ አወጣችና የቤታቸውን ቁልፍ ነጥላ የመሥሪያ ቤቱን ቁልፎች ልክየለሽ እጅ ላይ አስቀመጠች።

«ይኼ የእናንተ ነው» አለቻት።

ልክየለሽ በዚያው ቅዳሜ ዘንገና ወጥታ ለአባቷ ነገረቻቸው። ሐኪሙ ያለውን በአገውኛ ማስረዳት ቸገራት፤ የማይታይና የማይሸት ነገር የሚባልበት ቃል አጣች። አቶ ይኸነው አዳምጠው ጨረሱ። አርባ ዓመት ሲሉ ጀመሩና ተዉት። ተነሥተው ግድግዳውን በእጃቸው ዳበሱ፤ ጭቃው የተላቀቀበትን፣ ነፋስ የሚገባበትን ቦታ። በየዓመቱ ከመስከረም በኋላ ይመርጉት ነበር። በዚህ ዓመት ሳይመርጉት ቀሩ። ከሰሉን ማክሰል ግን አልተዉም፤ ሌላ የሚሸጡት ነገር የላቸውም።

ዶክተር ሽመክት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተመለሰ። የሉቃስን ቤት አይቶ መጥቶ ሲያለቅስ ዋለ፤ በሦስተኛው ቀን መስመሩን ዘርግቶ አየ። ዘጠና ነጥብ፤ አንዱም አልተዛነፈም። የሰማንያ ዘጠነኛው ቀን ከሁሉም የረጋው ነው። በሪፖርቱ ላይ «በዕለቱ ክፍሉ በአካባቢው በሚገኝ ዘዴ እንዲሞቅ ተደርጓል» ብሎ ጻፈ። ልክየለሽ ረቂቁን ስታነብ እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆማ ይህን እንዲለውጠው ጠየቀችው። ምን ተብሎ ይጻፍ አላት። «በከሰል» አለችው፤ የሉቃስም ስም ይግባ አለች። ስሙን ምስጋና በሚጻፍበት የመጨረሻው ገጽ ላይ አስገባው። «በከሰል» የሚለውን ግን አልጻፈም፤ ቺፑን የሠሩት ሰዎች የማይገባቸው ነገር ይጠይቃሉ አለ።

ክፍሉ መጋዘን የመሆኑ ነገር ቀርቷል። የንብረት ክፍሉ ሰው በጥቅምት ሜትሩን ይዞ እንደገና መጥቶ ነበር፤ ለሁለተኛ ጠረጴዛ የሚሆን ቦታ ለክቶ ሄደ። መስኮቱ ላይ የላስቲኩ ቅዳጅ እስካሁን ተንጠልጥሏል፤ ብናኙ በዚያ ይገባል። ልክየለሽ ፋይበሩን አንድ ጊዜ ትጠርግ የነበረውን አሁን አራትና አምስት ጊዜ ትጠርገዋለች፤ በየጊዜው አዲስ ወረቀት፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ።

ሁለተኛው ቺፕ ኅዳር ስድስት ደርሷል። ልኬቱ ሰኞ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ይጀመራል፤ በሉቃስ ቦታ የተቀጠረ ሰው የለም።